የአያ ታከለ ደቃቅ መጋዝ

ልጅ ሳለሁም ከዓይኔ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም፤ እናቴ «ይቺ ልጅ ቁንጫ ስታዛጋ ታያለች» ትለኝ ነበር። ያኔ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፤ እኛ ከከተማው ዳር፣ ከአናጢው ከአያ ታከለ ጋር አጥር ለአጥር ነን። ሚስታቸው ሞታባቸው፣ ልጅም ሳይወልዱ ብቻቸውን የቀሩ ሰው ናቸው። ሲመሽ የሰፈሩ ልጆች ከቤታቸው እንሰበሰባለን፤ እሳቸውም የሰጋቱራው ጢስ ከምድጃው እየተነሣ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ በኩራዝ ብርሃን መጋዝ እየሞረዱ፣ ጅብና አይጥ ለአንበሳ በር ሊቆርጡ እንደ ተቀጠሩ ያወሩልናል። ጅብ በአንድ ንክሻ ይጨርስና ጠርዙን ይቦጫጭቀዋል፤ አይጥ ሳምንት ትፈጃለች፣ የእሷ ጠርዝ ግን ልሙጥ ነው።

እህቴ ልትዳር ስትል እናቴ የልብስ ሣጥን አዘዘቻቸው። የተገኘው ጣውላ ከጣሊያን ሰፈር የተጣለ ኮምፔርሳቶ ነበር፣ ስስ እንጨት በሙጫ እየደራረቡ ያበጁት። ጽድ በሚቆርጡበት ባለ ትልቅ ጥርስ መጋዝ ቢሞክሩት ቆዳው እየተሰነጠረ ተነሣ። «ይኼስ ደቃቅ ጥርስ ይሻል» ብለው ተዉት። ከሰነበተ በኋላ ሣጥኑ ሲመጣ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ነበር። በአጥር ቀዳዳ አጮልቄ ባይ፣ ጥርሱ እንደ ጤፍ የደቀቀ መጋዝ ከግድግዳው ተሰቅሏል።

በማግስቱ ምንጭ ወርጄ፣ ትልልቆቹ ሴቶች ወደ እኔ እንዲዞሩ ብቻ፣ «አያ ታከለ ከጣሊያን መጋዝ ተሰጥቷቸዋል» አልሁ።

«እንዲያው ይሰጣል እንዴ?» አለች አንዷ እንስራዋን አስቀምጣ። «ምን ወሬ ቢያቀብለው ነው!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ ሁሉ «ባንዳ» አላቸው። ያን ምሽት ከልጆቹ የሄድሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

«አያ ታከለ፣ ይኼን መጋዝ ማን ሰጠዎ?»

ሳቁ። «ማን ይሰጠኛል? አሮጌዬ ነው። የጥንቱን ጥርስ በሞረድ አጥፍቼ ደቃቁን አንድ በአንድ አወጣሁለት። እናንተ ተረት ስትሰሙ እጄ ምን የሚሠራ መሰለሽ? ጥርሱም ብቻውን አይበቃም፤ መስመሩን አስቀድሞ በቢላ መጫር ነው፣ የሚያምረውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ፣ ሳይጫኑ መግፋት።» ቀጥለው በሩን አዩና «ልጆቹ ዛሬ የት ቀሩ?» አሉኝ።

ሰጋቱራ ዘግኜ ወደ ምድጃው ጨመርሁ።

ነገሩን ላቃና ወደ ምንጩ ብመለስ «ጣሊያን ላንቺም ስኳር ሰጠሽ?» ብለው ሳቁብኝ። እናቴ የአያ ታከለን ደጅ እንዳልረግጥ ከለከለችኝ፤ ሣጥኑንም ሠርገኛ እንዳያየው በጋቢ ሸፈነችው። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው ነበር፦ ኩራዙን አብርተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ቀና ይላሉ። ክረምቱ እስኪወጣ እንዲያ ከረሙ። ከዚያ ገና ሳይመሽ መዝጋት ጀመሩ።

ጣሊያን ሄደ፤ ሐሜቱም ማንም ይቅርታ ሳይል ተረሳ። እነዚያው ሴቶች የተሰበረ በርጩማ ይዘውላቸው ይመጡ ጀመር፤ የሁሉንም ጠገኑ። አንድ ቀን እኔም የእናቴን በርጩማ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ያኔ ያልነበሩ ትንንሽ ልጆች በሩን ሞልተው «አያ ታከለ፣ ተረት ይንገሩን!» አሏቸው።

አያ ታከለ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ «እኔ ተረት አላውቅም፣ ልጆቼ» አሉ።

ዛሬ አርጅቼም ሰው ወሬኛ ይለኛል፤ ይበል፣ አልቀየምም። ያን ዕለት ግን ከቆሙት ሁሉ ውሸታቸውን መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ በርጩማዋን አስቀምጬ ወጣሁ።