እናቴ ለጓደኛዬ የነገረቻት ተረት

እናቴ ተረት እንደምታውቅ የደረስኩበት ከጀርባዋ ቆሜ ነው። ትነግር የነበረውም ለእኔ አልነበረም።

በዚያ ወቅት ወልድያ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ከኮርሶቻችን አንዱ ተረትና አፈ ታሪክ በልጆች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ያላቸውን ቦታ የሚያጠና ነው። መምህራችን ከአካባቢው ሰው አፍ ተረት ቀድተን፣ በመጻሕፍት ካነበብናቸው ጋር እያነጻጸርን በየተራ እንድናቀርብ አዘዘን። እናቴ መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሳፋና ጀሪካን፣ ፔርሙዝና ሲኒ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። አንድ ቅዳሜ ሄድኩና ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩት። "በይ እስቲ ተረት ንገሪኝ፤ አንድ ጎደለኝ፣ አሟይልኝ" አልኳት። ስልኩን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። "ተረት? እኔ የት አውቄ! ሱቅ ውስጥ ያረጀሁ ሰው" አለችና ለአንዲት ገበያተኛ ሳፋ ልታወርድ ተነሣች። እኔም አመንኳት። በልጅነቴ ተረት ስትነግረኝ ትዝ አይለኝም፤ ማታ ሱቋን ዘግታ ስትገባ እግሯን ዘርግታ ዝም ነበር የምትለው።

በሳምንቱ የዶርም ጓደኛዬ አብራኝ መጣች። ከሩቅ አገር የመጣች፣ አብራኝ የምትማር፣ እንግዳ ቤት ገብታ እንግዳ የማትሆን ልጅ ናት። የመርሳ ማንጎ ካልበላሁ ብላ ስለነበር ከእናቴ ጋር ትቻት ልገዛላት ወጣሁ። ስመለስ ከሱቁ በስተጀርባ ካለችው ጓዳ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። እናቴ በአፍንጫዋ እያወራች ነው። ጅብ ሆናለች።

ተረቱ የእንጀራ እናቷ እሳት ጭረሽ ነዪ ብላ ስለላከቻት ልጅ ነው። ልጅቱ መንገድ ትስትና ጅብ ቤት ትደርሳለች። እመት ጅቢት ከውስጥ ሆና "ማነሽ?" ትላለች፤ ልጅቱም ጨንቋት "ልጅሽ ነኝ" ብላ ትመልሳለች። ጅቢት አምና ታስገባታለች፤ ከምድጃው አጠገብ ታስቀምጣታለች። እናቴ ድምፅዋን አጎርንና "ማነሽ?" ባለች ቁጥር ጓደኛዬ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች "ልጅሽ ነኝ!" እያለች ትቀበላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ማንጎ ተሸክሜ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ምን ያደባብቀኛል፣ ቀናሁ።

ጓደኛዬ ያንን ተረት ክፍል ውስጥ አቀረበችው። እሳት ፍለጋ ስለሚሄዱ ሰዎች ከሚያወሩ የጥንት አፈ ታሪኮች ጋር አገናኘችው፤ ጅቢትን በአፍንጫዋ አስመስላ ክፍሉን አሳቀችው። መምህሩ እንዲህ ያለ ሕይወት ያለው ተረት ከሰማ እንደቆየ ተናገረ። እሷ ደግሞ ደጋግማ "እማዬ እንዳለችው" ትላለች። እማዬ! የማን እናት? እኔ አጨበጨብኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ምን ላድርግ።

ከዚያ ወዲያ ክፋቴ ባሰ። እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" ብላ ነው። ደህና ናት እላለሁ፤ ሰላምታውን ግን አላደርስም። አንድ ቀን በሚኒባስ ሹፌር ማንጎ ልካላት፣ መናኸሪያ ተቀብዬ እስከ ግቢው ላደረሰኝ የባጃጅ ልጅ ሰጠሁት። ልጁ ሲመርቀኝ ትንሽ አፈርኩ፤ ትንሽ ብቻ።

የእኔ ተራ ሲቃረብ ብቻዬን መርሳ ሄድኩ። እናቴ ጀሪካን በገመድ እያሰረች ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ "ለእሷ ስትነግሪ ለእኔ ለምን የት አውቄ አልሽኝ?" አልኳት።

"እሷማ መጀመሪያ የራሷን ነገረችኝ" አለች፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ። "ስለ ጦጣና ስለ ገበሬው። ስትጨርስ 'ተረቴን ይመልሱ' አለችኝ። ታዲያ ባዶዋን ልስደዳት? አንቺ ምን አወራሽልኝ? ስልክሽን ደቅነሽ 'በይ' ነው ያልሽኝ።"

የሚያናድደው ይህ ነው። ተረት የሰማ ሰው ተረት እንደሚመልስ፣ የተረት ወግ ቅብብል እንደሆነ ፈተና ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ።

"እሺ፣ ተረት ተረት!" አልኳት በንዴት።

"የላም በረት" አለችና ገመዱን ለቀቀችው።

ምንም አላሰናዳሁም ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ቀጠልኩ። አንዲት ድመት ነበረች፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት። አንድ ቀን መንገደኛ ድመት መጣችና የእናቲቱ ጉያ ገብታ ተኛች። ልጅቱ ብትጮህ እናቲቱ አልሰማ አለች፤ እንግዳዋን እየላሰች ቀረች። ልጅቱም ቤቱን ጥላ ጠፋች። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን አፈነች።

"ኧረግ! ይቺ የድመት ልጅስ ክፉ ናት" አለች።

"ተረቴን መልሺ" አልኳት።

ጀሪካኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። የጅብም የሌላም ድምፅ አላወጣችም፤ በራሷ ድምፅ ነው የነገረችኝ።

"ነበረች አንዲት ባለሱቅ። አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ተረት ልሰብስብ ብላ አገር ለአገር ዞረች። ሐራ ሄደች፣ ከማታውቃት ሴት ጎን ተቀመጠች። ሲሪንቃ ሄደች፣ የሌላዋን እጅ ይዛ 'እማማ፣ ይንገሩኝ' አለች። ገበያ የሚመጣው ሁሉ 'ልጅሽ እኛ ሰፈር ውላ ሄደች' ይላታል ለባለሱቋ። ባለሱቋም ነገ ደግሞ የእኔ ተራ ነው ብላ፣ የረሳችውን ተረት እያስታወሰች ብቻዋን ስታነበንብ ሰነበተች። ልጅቱ መጨረሻ ላይ መጣች። 'አንድ ጎደለኝ፣ አሟይልኝ' አለቻት።"

አንዱም ውሸት አልነበረበትም። ያን ቅዳሜ ያልኳት ቃል በቃል ይኸው ነው፤ ስልኩን እያስተካከልኩ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያማ ባለሱቋ ቀናች፣ ሆዴ" አለች እናቴ። "ቀናችና ተረቷን ለእንግዳ ሰጠች።"