የአባቴ ባለሦስት እግር መብራት

ልጄ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ብርሃን ከአንድ የዕቃ መሸጫ የቤት መብራት ገዝታ ሳሎን አቆመችው፤ ሦስት ቀጫጭን እግሮች፣ ከላያቸው ቆብ የመሰለ ሽፋን። «የድሮ ዲዛይን ነው፣ አሁን ፋሽኑ ይኼ ነው» አለችኝ። ጠጋ ብዬ ሽፋኑን አሸተትኩት። ፕላስቲክ ነው፤ ምንም አይሸትም።

አባቴ አንኮበር ውስጥ መሪጌታ ነበር፤ ያሳደገን ግን ከፍየል ቆዳ ለቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚሆን ብራና እየፋቀ ነው። ከግቢያችን እንጨት ላይ የተወጠረ ቆዳ ጠፍቶ አያውቅም፣ ሽታውም ከልብሳችን አይለቅም ነበርና፣ ትምህርት ቤት መምህሩ ካላስገደደው በቀር አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም። ይህ ሰው በወጣትነቱ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን አንድ ሹም ቤት ብራና ሊያደርስ ገብቶ ባለሦስት እግር የኤሌክትሪክ መብራት አየና ልቡ እዚያው ቀረ። አገሩ ሲመለስ እግሮቹን ከወይራ ጠርቦ፣ ሲፋቅ የተበሳውንና ለቅዱስ ቃል የማይሆነውን ብራና መርጦ፣ በጅማት ሰፍቶ ሽፋን አደረገለት። የጎደለው ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በአገሩ አልነበረም።

እኔ ነፍስ ሳውቅ መብራቱ መስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ብራናው የማር ቀለም ያወጣል፣ የፍየሏ የደም ሥር ሳይቀር ይታያል፤ አባቴም ሥራውን ትቶ እያየው፣ «ማታ ሲበራ ደግሞ አስቡት» ይለናል። እናቴ በኩራዝ ጭስ የቀላ ዓይኗን እያሸች፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብዎ እኮ፣ መሪጌታ» ስትለው እሱ ቀድሞ ይስቃል፣ እኛም እንከተላለን። ጎረቤቱ ሁሉ በቅሎ ሳይኖረው ኮርቻ የገዛ እያለ ያማው ነበር።

ዓመታት ሄዱ። የኤሌክትሪክ ምሰሶው ወደ አንኮበር መምጣት ሲጀምር የአባቴ ዓይን መድከም ጀመረ፤ ጠበልም ሐኪምም አልመለሰውም። መስመሩ እቤታችን ሲደርስ እሱ ንጋቱን የሚያውቀው በዶሮ ጩኸት ነበር።

እናቴ ምናልባት ጭላንጭል ቢደርሰው ብላ፣ ሱቅ ሄዳ «ከሁሉ ከሚደምቀው ስጡኝ» ብላ ትልቁን አምፖል ገዛች። ያን ዕለት አመሻሽ አባቴ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ እንደ ሙሽራ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ማብሪያው ቋ አለ።

«በራ?» አለ።

«በርቷል፣ መሪጌታ። ቤቱ ቀን መስሏል፤ እንዴት እንደሚያምር» አለችው።

ለጥቂት ጊዜ እውነቷን ነበር። ከዚያ ብራናው በአምፖሉ ሙቀት ይኮማተር፣ ስፌቱን እየበጠሰ ወደ ውስጥ ይጠቀለል ጀመር። ሁላችንም ደርቀን ቀረን፤ እናቴ ብቻ እንባዋ እየወረደ «ያምራል፣ ያምራል» ትላለች። ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ሲያሸት የኖረ ሰው ግን አይታለልም፤ ቀና ብሎ አየሩን ሳበ፣ ፈገግታውም ከፊቱ ሄደ።

«አጥፉት» አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም።

በክረምቱ ሞተ፣ እናቴም ብዙ አልቆየች። የወይራ እግሮቹ ዛሬም አልጋዬ ሥር አሉ። ሽፋን ላሠራላቸው ብዬ አንኮበር ድረስ ሄጄ ነበር፤ እንደሱ ብራና የሚፍቅ ሰው አላገኘሁም። ባገኝስ፣ ይበራልኝ ብሎ የሚጠብቀው የለም።

ትናንት ሲመሽ ልጄ ማብሪያውን ተጫነችና፣ «እማዬ፣ አያምርም?» አለችኝ።

«ያምራል» አልኳት። ድምፄ የእናቴን ድምፅ ሆነብኝ።