የሠርግ ዘፈን በምን ይመዘናል?

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ አርጅቻለሁ። ያን ቀን ሳስታውስ ግን አሁንም ደሜ ይፈላል።

ያኔ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ከአውራጃው መምህራን አንድ ሰው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ እንደሚላክ ተነገረን። ሰውየው የሚመረጠው በሚያቀርበው ጥናት ነው ተባለ።

እኔ በአውራጃችን ያለችው የቦኬ ሴቶች ሙሽራ ሲሸኙ በኦሮምኛ የሚዘፍኑትን ዘፈን አጠናሁ። ኦሮምኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለመድኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ቦኬ እየሄድኩ አዴ ፋጡማ ዘንድ እቀመጥ ነበር። እሳቸው በየሠርጉ እየተጠሩ የሚያቀነቅኑ አሮጊት ናቸው። ዘፈኑን እጽፋለሁ፣ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ።

ሊገመግሙን ሦስት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። መምህራን ሁሉ በአዳራሹ ተሰበሰብን። መጀመሪያ የቀረበው የጂኦግራፊ መምህሩ ከድር ነበር፤ የአካባቢውን ዝናብ አጥንቷል። ሰንጠረዡን አይተው አመሰገኑት። ይገባዋልም።

የእኔ ተራ ሲደርስ በዚያው ሚዛን ጀመሩ።

«ሰንጠረዥሽ የት አለ?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«የእኔ ጥናት ስለ ዘፈን ነው፣ ጌታዬ።»

«ከውጭ አገር መጻሕፍትስ የትኛውን ጠቀስሽ?»

«ስለ ቦኬ ሴቶች ዘፈን የጻፈ ፈረንጅ አላገኘሁም። ማንን ልጥቀስ?»

አንዳንድ መምህራን ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቁም። «የአሮጊት ጨዋታ መሰብሰብ ጥናት አይባልም። ግን እናግዝሽ። ዘፈኖቹን ቀንሺና ከውጭ መጻሕፍት አንድ ምዕራፍ ጨምሪበት፤ እናሳልፍሻለን» አሉ።

አዴ ፋጡማ ደክሟቸው እንኳ እያንዳንዱን ስንኝ እየደጋገሙ ያስጻፉኝ ትዝ አለኝ።

«አልቀንስም» አልኩ። «መመዘኛው ይህ ከሆነ ቀድሞ ሊነገረን ይገባ ነበር። ለመሆኑ ከሦስታችሁ ኦሮምኛ የሚሰማ ማን ነው? ትርጉሜ ልክ ይሁን ስሕተት በምን አወቃችሁ?»

ሰብሳቢው «በቃ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

ከድር ተመረጠ። ውጤቱ ሲነገር ግን ተነሥቶ «ዝናብና ዘፈን በአንድ ሚዛን አይለካም። እሷን ሳትመዝኑ ነው እኔን የመረጣችሁት» አለ። ውለታውን አልረሳም።

ዳይሬክተሩ ዳኞቹን ይቅርታ እንድጠይቅ መከሩኝ። እምቢ አልኩ። ይልቁንም መሰላና ቦኬ ያሉትን መምህራን እየዞርኩ አነጋገርኩና አብረን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አቤት አልን። የቋንቋና የታሪክ ጥናት ለብቻው ይመዘን፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ዳኛ ይኑር፤ መመዘኛውም አስቀድሞ ይነገር አልን። «አጉል ድፍረት ነው» ያሉን ብዙ ነበሩ።

በሚቀጥለው ዓመት ኦሮምኛ የሚያውቁ አንድ መምህር ከሐረር መጥተው ከዳኞቹ ጋር ተቀመጡ። ያንኑ ጥናት አንድ መስመር ሳልለውጥ አቀረብኩ። መምህሩ አንዱን ዘፈን በኦሮምኛ አነበቡና «እዚህ ላይ ተሳስተሻል። ሙሽራዋ አባቷን እየረገመች አይደለም፣ እያሾፈችበት ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ዕድሉንም የመሰላ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ወሰደው።

የዚያን ዕለት ቅር ሳይለኝ ቤቴ ገባሁ። እንዲራሩልኝ ፈልጌ አላውቅም፤ ሥራዬን አውቀው እንዲነቅፉት ነበር የፈለግሁት። የመጀመሪያዎቹን ዳኞች ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። አልጠይቃቸውምም።