የሚረሳው ካልኩሌተር

ዓለም ገና፣ ተስፋነሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ስጠብቅ ነው ያየሁት። ሃምሳን የተሻገረ የመሬት ቀያሽ ነው። ቦት ጫማው የፉሪን ጭቃ እንደያዘ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ችካል የሚቀባበት ቀይ ቀለም ደርቋል።

ተስፋነሽ ፕሮግራም የሚጫንባቸውን ሦስት ካልኩሌተሮች መስታወቱ ላይ ደርድራለታለች። ካሲዮውን አነሳና ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፎቹን በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። ኤች ፒውን ጆሮው ሥር አድርጎ ተጫነው፤ ድምፁን ወደደው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ የፋብሪካው ስም እንኳ ከላዩ ተፍቋል።

«እሱን ይተዉት ኦቦ፤ ባትሪው ሲወጣ ያስገቡትን ሁሉ ይረሳል» አለችው።

ቀና አለ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም!»

ወዲያው ጥቂት የልኬት ቁጥሮች አስገባበት፤ ባትሪውን አውጥቶ መለሰው። ስክሪኑ ባዶ ነበር። ያኔ ገና ፈገግ አለ።

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ። «ለእርስዎ ሥራ የሚረሳ ምን ይጠቅማል?» አልኩት።

«የለካሁትን ማታ ማታ ለቢሮ አስረክባለሁ፤ እዚያ አይጠፋም» አለ፣ ካልኩሌተሩን በመሐረብ እየወለወለ። «ሰሞኑን የምለካው ግን ያደግኩበትን መንደር ነው። የአባቴ ማሳ ቁጥር ሆኖ ኪሴ ውስጥ ሲያድር እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ዋጋውን ከፍሎ «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገናትና፣ ባትሪውን አውጥቶ በአንድ ኪሱ፣ ካልኩሌተሩን በሌላው ከተተና ወጣ።