ሦስት ጭረት በጥንዚዛ ቅልጥም ላይ

ጎባ ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ የሰዓት ጠጋኙ የሻፊ ቆርቆሮ ሱቅ አለች። ሰዓት ጠጋኝ ስላችሁ ሰዓት እንዳይታያችሁ። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ እዚያ ሱቅ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሻፊ ራሱ ብቻ ነው። ከመስታወቱ ሥር ግን አንድ የጫማ ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ በቀጫጭን ወረቀት ጫፍ ላይ የተለጠፉ ጥቁር ጥንዚዛዎች። ከሩቅ ላያቸው ኑግ የፈሰሰ ይመስላል። ኋላቸው እንደ መርፌ የሾለ ነው። በሕይወት እያሉ አበባ ላይ ሲነኳቸው ሰክሮ ከግሮሰሪ እንደሚወጣ ሰው እየተገለባበጡ ይወድቃሉ፤ ከዚያ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት፣ ሰይዳ የምትባል የነፍሳት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ነው። «እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ወረንጦው ቀጭን የሆነ ሰው አታውቁም?» ብላ ጠየቀች። ጎባ በአንድ ጣት ወደ ሻፊ ጠቆመች። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፤ ሥራም አልነበረውም። እሷ ጥንዚዛውን ታመጣለች፣ እሱ የሰዓት መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ያያል፣ እሷ ትጽፋለች። መጀመሪያ «ጋሽ ሻፊ» ነበር የምትለው። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ «ጋሽ»ው ከአፏ ጠፋ። ቀኑን ከፈለጋችሁ ሻይ የምትሸጠዋን ምኞትን ጠይቋት፤ ሰዓቱን ጭምር ትነግራችኋለች።

እኔም የሱቁ ጎረቤት ነኝና አጠገባቸው ሆኜ ትንሽ ተማርኩ። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ወሬ አስተምሮኛልና ምደባው አልከበደኝም፤ ነገሩ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ማወቅ ነው። ቤተሰቡ አንድ ሆኖ ወገኑ ይለያያል። ሞርዴላ የሚባለው ወገን የኋላ ቅልጥሙ ላይ ከጫፉ አጠገብ አንዲት ጭረት ብቻ አለችው። ሞርዴሊስቴና የሚባለው ከእሷ በላይ ሌሎች ገደድ ያሉ ጭረቶችም አሉት። መልካቸው አንድ ሆኖ እግር ያጋልጣቸዋል። ሰፈራችንም እንደዚሁ ነው፤ ስንቱን በአረማመዱ የማን ልጅ እንደሆነ አውቀን ዝም ብለናል።

ታዲያ አንድ ሳምንት ሰይዳ ለሥራ ሮቤ ሄደች። ሻፊ ሊያስደስታት ፈለገ። ሰዓት ጠጋኝ ሰውን እንዴት ያስደስታል? ያጸዳለታል! ጥንዚዛዎቹን አንድ በአንድ በቤንዚን አጠበ፣ በብሩሽ ፈተገ፣ እስኪያብረቀርቁ ወለወላቸው። ተመልሳ ስታይ ቁጭ አለች።

«ሻፊ! ጸጉራቸው የት ሄደ?»

«የምን ጸጉር? አቧራ ነበር እኮ።»

«አቧራ! አንተ ሰው፣ መታወቂያቸውን ነው ያጠብከው!»

ጀርባቸው ላይ ያለው ደቃቅ ጸጉር ለካ አንዱ መለያቸው ኖሯል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሪራ መንደር መንገድ ያገኘቻት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሞርዴላ ናት፣ አራት ነጭ ነጥብ ነበራት። ነጥቧም ያው ጸጉር ኖሮ ከቤንዚኑ ጋር ሄደ። ሰይዳ አልተቆጣችም። የሚመደብ ነገር ስላልቀረ ዕቃዋን አሰረች፣ መኪና ላይ ስትወጣ እንዲህ አለችው፦ «ሌላ እንደሷ ያለች ካገኘህ ደውልልኝ። ራሴ እመጣለሁ።»

ይኸው ስድስት ዓመት። መስከረምና ጥቅምት በመጣ ቁጥር ሻፊ ሱቁን ዘግቶ የሳነቴን አምባ ብርድ አቋርጦ ሪራ ይወርዳል፤ ነጭ ጃንጥላ የመሰለ አበባ ሥር ተንበርክኮ ይውላል። ማር ቆራጮቹ ሲያዩት «ኦቦ ሻፊ፣ ዛሬም ሰዓትዎ ጠፋብዎት?» ይሉታል። ያለምክንያት መደወል? አይችልም። ያላገባች መሆኗን እንኳ አጣርተን የነገርነው እኛ ነን።

ዘንድሮ ጥቅምት ስምንት ቀን ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ሳለ እየሮጠ መጣ። በጠርሙስ ውስጥ አንዲት ጥንዚዛ፣ ጀርባዋ ላይ አራት ነጭ ነጥብ! እግሯን ሳያይ ደወለ። ያቺ ባለ ቁልፍ ስልኩ ድምፅ መደበቅ አታውቅምና እኔም ሰማሁ፤ ባይሰማኝም ጠጋ እል ነበር።

«ሻፊ? አንተ ነህ? አጃኢብ! አገኘሃት?»

«አራቱም ነጥብ አለ።»

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። «ቆይ፣ ቀጠሮዬን ልይ... ሐሙስ እነሳለሁ። ቅልጥሟንስ አየህ? ከጫፉ ሌላ ጭረት የለም አይደል?»

መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ። ጥንዚዛዋን ወደ ብርሃን አዞረ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁ። በእጄ «የለም በላት» አልኩት። አላየኝም። ጆሮው ሥር ሄጄ «የለም በላት፣ አንተ ሞኝ!» አልኩ።

«ሻፊ፣ አለህ?»

«አለሁ። ሦስት ጭረት አለ።»

«ሌላኛውን እግር እስቲ።»

«እሱም ሦስት።»

«እንግዲያ ሌላ ወገን ናት። ነጥቧ አሳሳተህ። እኔንም ያሳስተኝ ነበር።» ከዚያ ድምጿ ለስለስ ብሎ፣ «የጎባ ብርድ እንዴት ነው?» አለችው።

ወገኖቼ፣ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ለዚህ ጥያቄ ምን ይመልሳል? «ያው ነው» አላት። ያው ነው! ተሰነባብተው ስልኩ ሲዘጋ ልመታው ነበር።

«አንድ ቃል ነበር እኮ! ሐሙስ እዚህ ነበረች!»

ወረንጦውን አንስቶ ጥንዚዛዋን ወረቀት ጫፍ ላይ መለጠፍ ጀመረ። «ትመጣ ነበር» አለ፣ «ግን አጉሊ መነጽሯን ይዛ ነበር የምትመጣው። አርብ ጠዋት ሦስቱን ትቆጥራቸዋለች። ከዚያ በኋላ እኔ ምን አየሁ ብዬ ነው የምደውልላት?»

ካርዱ ላይ ቀኑን፣ ሪራን፣ አበባውን፣ በመጨረሻም ሞርዴሊስቴና ብሎ ጻፈ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኑን ግን ሁለቴ በክርኑ ጠረገ፣ የሙጫው ሽታ ነው አለ። ክዳኑን ከደነና «ነገ ወደ ሪራ የሚሄድ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አበባው እኮ እየረገፈ ነው።»

«ከመንገዱ በታች፣ ከጥላው በኩል፣ ትንሽ ይቀራል።»