በሠርጌ ቀን የመጣ ደራሽ

ከመርሳ ገባ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ወንዙ ከደጃችን በታች ነው የሚያልፈው። ጠባዩ እንደ እናቴ ነው፤ ሲቆጣ አስቀድሞ አይናገርም። እኛ ጋ ፀሐይ አናት እየበሳ ላይ አገር ይዘንብና ደራሹ ጎርፍ ከተፍ ይላል። አንድ የገበያ ቀን ሰው ከነአህያው ውሃ ከበላው በኋላ፣ ከወልድያ አንድ ጓድ መጥቶ የገበሬ ማኅበሩን ሰበሰበ። ከኛ ዋርካ እስከ ማዶ ግራር ገመድ ይወጠር፣ ደራሽ ሲመጣ ቀይ ጨርቅ ይሰቀል፣ ጨርቁ እስኪወርድ ማንም እንዳይሻገር ተባለ። ዘበኛ ይመረጥ ሲባል ጣት ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ።

ሹመት ያዳብር ያላለው ሰው አልነበረም። ፊሽካ ሰጡት፤ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የሚተኛው። አንዴ ልንፋው ብለው፣ "የመንግሥት ንብረት ነው፤ ልጄ ብትሆኚስ?" ብሎ ከለከለኝ። ጨርቁ ግን ከአብዮት በዓል የተረፈ ነበር። መፈክሩ ተቆርጦ አንድ ቃል ብቻ ቀርቶበታል፤ "ወደፊት" ይላል። አባቴ ገና ፊደል አልቆጠረም፣ ቀይ መሆኑ በቃው። እኛም ስቀን ስቀን ለመድነው፤ መንደሩ በሙሉ "ወደፊት" ሲሰቀል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

እኔ የተዳርኩት ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ውርጌሳ በኩል ነው። ኒካውን አባቶቻችን አስረውታል፤ የልጁን መልክ አይቼው አላውቅም። የሠርጉ ቀን እጄን ሂና ተቀብቼ፣ ተሸፋፍኜ ጥግ ተቀምጫለሁ። የሙሽራው ወገን ከበሮ ከማዶ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ደራሹ ጮኸ፣ የአባቴ ፊሽካም ተከተለ። ልጃገረዶቹ ጥለውኝ ወጡና አንዷ እያለከለከች ተመለሰች።

"ሚዜዎቹ ጨርቁን እያነበቡ እንደ መፈክር ግራ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሙሽራው ጫማውን እያወለቀ ነው" አለችኝ።

ገባኝ። እነዚያ ጎረምሶች መሠረተ ትምህርት ጨርሰው ያገኙትን ሁሉ የሚያነቡ ናቸው፤ የኛን ጨርቅ ትርጉም የት ያውቁታል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ መልኩን ሳላየው መበለት ልሆን ነው። አክስቴ "ሙሽራ አይወጣም" ብላ ቀሚሴን ያዘችኝ፤ ነጥቄያት ሮጥኩ።

አባቴ ጉንጩ እስኪነፋ ፊሽካውን ይነፋል። ማዶ ያሉት ደግሞ የሠርግ ማድመቂያ መስሏቸው በፊሽካው ይጨፍራሉ። ከፊታቸው አንድ ረጅም ልጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አንድ ጫማ በእጁ ይዞ፣ ውሃው አፍ ላይ ቆሟል። ያረቢ፣ ደግሞ ማማሩ። ተው ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄን ውሃው ዋጠው። ቢጨንቀኝ ሽፍንፍኔን ወርውሬ፣ ከነጥልፍ ቀሚሴ ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩና በጣቴ መሬቱን አሳየሁት።

ቆመ። አየኝ፤ ደግሞ አየኝ። ከዚያ ባለበት ቁጭ አለ።

ሚዜዎቹ በብብቱ ይዘው ቢጎትቱት አልነሳም አለ። ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ ወንዙን መሃል አድርገን ተቀምጠን ዋልን። እሱ ጫማውን ያወዛውዝልኛል፣ እኔ ሂናዬን አሳየዋለሁ። ቤት ውስጥ እንጀራው ይደርቃል፣ እናቴ "አዋረደችን" ትላለች፤ እኔ እቴ፣ ውሃው ባይጎድል በወደድኩ።

ጎደለ። አባቴ ጨርቁን አወረደና እንግዶቹን አንድ በአንድ በገመዱ አሻገረ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ተገልጬ፣ እስከ ወገቤ ጭቃ ሆኜ ሲያየኝ፣ በሠርጌ ቀን ልገረፍ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የፊሽካውን ገመድ ካንገቱ አውጥቶ አንገቴ ላይ አጠለቀው።

"አባዬ፣ የመንግሥት ንብረት አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"የዘበኛ ነው" አለኝ።

ሌላው ሙሽራ በድሪና በአልቦ አጊጦ ይገባል፤ እኔ ባሌ ቤት በፊሽካ ገባሁ። መንገድ ላይ አንዴ ነፋሁት፤ ባሌ ቀጥ ብሎ ቆመ።