ዐጀላ የሚሉት ቃል

ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ጎሚስታ አለ። ሰሞኑን በበሩ ሳልፍ የማስቲሽ ሽታ ያዘኝ። ሰውየው የብስክሌት ከመነዳሪ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ቀዳዳውን በሞረድ ፈግፍጎ፣ ማስቲሹን ቀብቶ እስኪደርቅ እፍ እፍ ይልበታል። ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ቆምኩ። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ያ ሽታ ወስዶ ካርቱም፣ ዐማራት፣ አንድ ዐርብ ጠዋት ላይ አስቀመጠኝ።

ይህን ታሪክ ለሰው ለማውራት በሞከርኩ ቁጥር መሐል ላይ ይምታታብኛል። ግማሹ በዐረብኛ የሆነ ነው፣ ግማሹ በአማርኛ፤ የቀረው የራሴ ቂልነት። እስቲ ዛሬ ቀስ ብዬ ልሞክረው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከወሎ ወጥቼ ካርቱም ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዐማራት መንገዱ ሁሉ በቁጥር የሚጠራበት ሰፈር ነው፤ እኔም ከቁጥሮቹ በአንዱ ላይ፣ ጠና ያሉ ሴት ቤት እሠራ ነበር። መካ ስለደረሱ ሰው ሁሉ ሀጃ ይላቸዋል። ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ሲናገሩ ይፈጥናሉ፤ የእኔ ዐረብኛ ደግሞ ከ"ፊ" እና ከ"ማፊ"፣ ከ"አለ" እና ከ"የለም" ማለት ነው፣ ብዙም አያልፍም። በእነዚህ በሁለቱ ቤቱን አስተዳድር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሽንኩርት ማፊ። ውሃ ፊ። ዕረፍቴ ዐርብ ጠዋት ብቻ ነበረች፤ ለዐርብ ምሳ ቤተ ዘመዱ ስለሚሰበሰብ ከረፋዱ በፊት መመለስ አለብኝ።

ብስክሌት የሚባል ነገር ያመጣችብን ኡስታዛ ናት። ኡስታዛ ማለት አስተማሪ ነው። እሷ ግን አርካዊት የሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው፤ ስሙን ያወጣንላት እኛ የሰፈሩ የቤት ሠራተኞች ነን። አባቷ በፖለቲካ ምክንያት የተሰደዱ ሰው ነበሩ። እሷ እዚያው ካርቱም ተወልዳ፣ እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተችባት፣ ብቻቸውን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አማርኛዋም የእሳቸው ነው። "ትግል"፣ "ቅስቀሳ"፣ "ሰፊው ሕዝብ" የሚሉትን አጥርታ ታውቃለች፤ ማንኪያን ግን "ያ የምንበላበት" ትለዋለች። አባቷ ለሴት ልጅ እንደሚነገረው ሲናገሯት ስለኖሩ፣ ለእሷ ሰው ሁሉ "አንቺ" ነው። የሰፈሩን ዘበኛ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ የጎንደር ሰው፣ "ነይ እስቲ፣ ያዢልኝ" ስትለው በሳቅ እንሞት ነበር። እሱም ለምዶት ኮስተር እንዳለ ይመጣና ይይዝላታል።

እሷና ጥቂት ጓደኞቿ፣ ሱዳኖችም ሐበሾችም፣ ማንም ሳይከፍላቸው በየሰፈራቸው ሴቶችን ብስክሌት መንዳት ያስተምሩ ነበር። ለስፖርት አይደለም። ለዳቦ፣ ለገበያ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለሥራ። ነዳጅ ሲጠፋ አውቶቡሱ አብሮ ይጠፋል፤ የረክሻ፣ የባጃጃቸው፣ ነጂ ደግሞ ሴት ብቻዋን ካገኘ ወሬው አያልቅም። "በራስሽ እግር ሂጂ" ትለን ነበር። እሷ ራሷ ከአርካዊት ተነሥታ፣ ኤርፖርቱን ዞራ በብስክሌት ነበር ዐማራት የምትደርሰው፣ የቀሚሷን ጠርዝ ሰንሰለቱ እንዳይበላው በላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስራ። መንገድ ላይ የሚሏት ነገር አይጠፋም። አንዳንዱ ያፏጫል፣ አንዳንዱ ይመርቃል። እሷ ለሁለቱም እጇን አውጥታ ሰላም ትላለች።

ብስክሌት የሚለውን ቃል አባቷ ነግረዋት አያውቁም መሰለኝ። እሷ የምታውቀው የሱዳኖቹን፣ ዐጀላ የሚለውን ብቻ ነው። እኛም ዐጀላ አልን። እኔ ቃሉን ከእሷ አፍ በፊት ከማንም ሰምቼው አላውቅም። ዐጀላ ማለት ያ ባለ ሁለት ጎማ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ሰማያዊ ነገር ነው፤ በቃ፣ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ ለምን ላስብ? ይህን ያዙልኝ።

ዐርብ ጠዋት ዐማራት ጭር ይላል። ከኒም ዛፎቹ ሥር የተረጨው ውሃ ከአቧራው ጋር ሆኖ ይሸታል፤ ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ ጠዕሚያ፣ የሽምብራ ጥብሳቸው፣ ይሸታል። ፀሐይዋ ገና ቢጫ ናት፣ አታቃጥልም። ኡስታዛ ወንበሩን ከኋላ ይዛ ትሮጣለች፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ሀጃ በመስኮት ሆነው ይስቃሉ። ሁለት ዐርብ ስወድቅ ዋልኩ። በሦስተኛው የኡስታዛ ድምፅ ከኋላዬ እየራቀ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ለካ ለቃኛለች። ደስታው አሁንም ሳስበው ደረቴን ይሞላዋል። ሰው ቤት ከገባሁ ጀምሮ የምሄድበትን ራሴ የመረጥኩት ያን ጊዜ ነው። የመረጥኩት ግን የኤምባሲ አጥር ነበርና ሄጄ ተላተምኩበት።

ከወር በኋላ ይሆናል፣ አንድ ዐርብ ስድስታችንንም ሰበሰበችን። ሁላችንም የቤት ሠራተኞች ነን። ፊቷን ከበድ አድርጋ "መሪ እፈልጋለሁ" አለች። እርስ በርስ ተያየን። ለእኛ እዚያ ቦታ ላይ መሪ ማለት በእጃችን የምንይዘው የብስክሌቱ ብረት ነው። ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ቤት የምትሠራው ልጅ ባለፈው ሳምንት ወድቃ መሪውን አጣማው ነበርና፣ ደንግጣ ድሮም የተጣመመ ነበር ብላ መማል ጀመረች። ኡስታዛ ደግሞ መጣመም ምን እንደሆነ አታውቅም። እሷ በግራ፣ እኛ በቀኝ ስንለፋ ቆይተን ነው የተግባባነው። እሷ አርካዊትን ይዛለች፤ ለዐማራት ከመሐላችን ሰው ትፈልጋለች። የምንማርበት ብስክሌት መሪዋ ጋ ያድራል። አዳዲሶቹን የምታስተምረው እሷ ናት፤ የፈራችውንም ሴት በመጀመሪያው ቀን ገበያ ድረስ አብራት ሄዳ የምታደርሰው እሷ ናት። ኡስታዛ ይህን ብላ ስታበቃ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

እውነቴን ነው፣ እስከዚያ ቀን ማንም ለምንም መርጦኝ አያውቅም። ትምህርት ቤትም፣ ቤታችንም። ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ሳጥብ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ በሚመጣው ዐርብ፣ ኡስታዛ ከጓደኞቿ በምትዋሳቸው ብስክሌቶች፣ አምስቱን ከኋላዬ አስከትዬ፣ ኤርፖርቱን ዞረን አርካዊት ደርሰን መመለስ። ያን ካደረግሁ መሪ ሆንኩ ማለት ነው።

ያ መንገድ ከረፋድ በፊት ስለማያልቅ የሀጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሐሙስ ከሰዓት ስልክ ሲያወሩ ጠብቄ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ ስለማመድ የዋልኩትን ተናገርኩ። "ሀጃ፣ ቡክራ ዐጀላ ፊ?" ነገ ብስክሌት አለ ወይ፣ ይፈቅዱልኛል ወይ፣ ማለቴ ነው። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ እጃቸውን አወናጨፉና "ማፊ ዐጀላ፣ ማፊ ዐጀላ" አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ።

"ማፊ"ን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ብስክሌት የለም።

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ሁለተኛ መጠየቅ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ግን ግራ ገባኝ። እስከዚያ ዐርብ እኮ በመስኮት እያዩ ሲስቁልኝ ነበር። ጎረቤት ተናገራቸው? ሩቅ እንደምሄድ ሰሙ? ምን አጠፋሁ? ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ተናደድኩም። የኡስታዛ ስልክ ቁጥር አለኝ፤ መደወል አቃተኝ። ገና ሳልሾም ተሻርኩ ብዬ እንዴት ልንገራት?

ዐርብ ማለዳ ሀጃ ከነቤተሰባቸው ለዘመድ ሰርግ ወጡ። ብቻዬን ቀረሁና ግቢውን ማጠብ ጀመርኩ፤ ግቢው የሚታጠብበት ቀን አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ የብስክሌት ደወል ሰማሁ። ሁለቴ፣ ቆየት ብሎ ሦስቴ። አሸዋ ስለገባበት ሲጮህ ያፍነዋል፣ የኡስታዛ መሆኑን ለይቼ አውቀዋለሁ። የሴቶቹም ሳቅ ይሰማል። በሩ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ከፍቼ "ከልክለውኛል" ማለት ብቻ ነበረብኝ። ኀፍረት ያዘኝ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩና የውሃውን ጎማ የብረት በሩ ላይ ለቀቅሁት፣ ደወሉን እንዳልሰማ። ውሃውን ስዘጋ ውጭው ጸጥ ብሎ ነበር።

እሷ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ዐማራትን የፊት ለፊቷ ልጅ መራችው፤ ዐርብ ዐርብ በበራችን ሲያልፉ የሰንሰለቱን ድምፅ እየሰማሁ ሩዝ እለቅም ነበር። ሀጃም አንድ ቀን ልባቸው ይራራ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም አላሉም። በኋላ በኋላ ኡስታዛን ተቀየምኳት። ለምን ገብታ አላስፈቀደችልኝም፣ እንዲህ በቀላሉ ትተወኛለች ወይ እያልኩ። አሁን ስነግራችሁ ራሱ አይገባኝም፤ ተደብቄ ሳበቃ እንዴት ተቀያሚዋ እኔ ሆንኩ?

ረመዳን ገባ፣ ሊገባደድም ደረሰ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሀጃ ወጥ ቤት መጥተው ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ሲያዩ ቆዩና፣ ዐጀላውን ለምን እንደተውኩት ጠየቁኝ። "ኢንቲ ማፊ ዐጀላ" አልኳቸው፣ እርስዎ ነዎት የከለከሉኝ ለማለት። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደሚሮጥ ሰው አስሮጡና "ዐጀላ" አሉ። ቀጥለው አየር ላይ ክብ ሠሩና እንደገና "ዐጀላ" አሉ። ለካ በእነሱ ቋንቋ ችኮላም ዐጀላ ነው። እኔ ነገ ብስክሌት አለ ወይ ስላቸው እሳቸው የሰሙት ነገ ጥድፊያ አለ ወይ የሚል ነው። ለሰርጉ ስለሚሄዱ የዐርብ ምሳ አልነበረም። ጥድፊያ የለም፣ እንደልብሽ ቆይተሽ ነይ ማለታቸው ነበር። ሀጃ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና መሐል ላይ አቃተኝ።

በማግስቱ አስፈቅጄ አርካዊት ሄድኩ። ይህኛውን ፈቃድ ሀጃ እየሳቁ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነገሩኝ። በአውቶቡሱ ውስጥ እንዴት አድርጌ እንደማወራው አሰላስል ነበር፤ እንደምታስቅ ቀልድ አድርጌ ይዤላት ነበር የምሄደው። ኡስታዛ ከመስታወቱ ጀርባ መድኃኒት ስትደረድር አገኘኋት። ከስታለች። ሁሉንም ነገርኳት። "ጥድፊያ" የሚለው ቃል አልገባ ሲላት እኔም እንደ ሀጃ ሁለት ጣቴን መስታወቱ ላይ አስሮጥኩላት። ሳቀች፣ "ወላሂ?" አለች፣ ደግማ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው።

"እግር ያንቺ አየሁ" አለችኝ። "ከበሩ ሥር። ውሃ ውስጥ ቆመሽ።"

ጎንበስ ብላ ነበር። ደወሉን ስትደውል ሁለት ባዶ እግር በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ውሃ እየወረደበት፣ ሳይንቀሳቀስ አይታለች። የሀጃን ነገር፣ የዐረብኛውን ነገር እሷ ከየት ታውቃለች? ያየችው ጠርታኝ እንቢ ስላት ነው። እኔ ቃሉን ላስረዳት ሄጄ ነበር፤ እግሬን የማስረዳበት ቃል ግን በየትኛውም ቋንቋ አጣሁ። አፍሬ ነው ልላት ፈለግሁ። በዚህ መሐል አንዲት ሴት የሐኪም ወረቀት ይዛ ገባች። ኡስታዛ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ፊቷ አይታየኝም። "ቅዳሜ ነይ" አለችኝ በዚያው ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። "ጠዋት። ያላ፣ ሂጂ።"

ቅዳሜ ጠዋት አስፈቅጄ ለመውጣት ጫማዬን ሳጠልቅ ተኩስ ተጀመረ። መጀመሪያ ሰው በር የሚደበድብ መስሎኝ ነበር። ሀጃ ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መብራቱ ጠፋ፣ ውሃው ጠፋ፣ ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ሲሄድ እኔ ከሌሎች ጋር በገዳሪፍ አድርጌ መተማ ወጣሁ። አርካዊት ምን እንደሆነች፣ መድኃኒት ቤቱ ይኑር አይኑር፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሰው ስለ ካርቱም ሲጠይቀኝ የሚፈልገው ስለ ጦርነቱ እንዳወራ ነው፤ አወራለሁም። እኔ የምብሰለሰለው ግን ሌላ ነገር ነው። የኡስታዛን ቁጥር አሁንም አልፎ አልፎ እሞክራለሁ፣ አይጠራም። ብታነሣልኝ ስለ ዐጀላ አንድ ቃል አልተነፍስም። የምጠይቃት ይህን ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ነይ ያልሽኝ ቅር ብሎሽ ነው፣ ወይስ ይቅር ብለሽኝ?